ማመልከት መጠቆም ነው፦ ለሥነ ሕይወት የድኅረ ምረቃ ትምህርት ስለ ማመልከት

በጉለሌ ለሥነ ሕይወት ተማሪዎችና መምህራን የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በሥነ ሕይወት ዘርፍ ለድኅረ ምረቃ ትምህርት ስለ ማመልከት ነው። ርእሱን ሲሰሙት የጽሕፈት ቤት ሥራ ይመስላል፤ ቅጽ መሙላት፣ ማስረጃ ማያያዝ፣ ቀነ ገደብ መጠበቅ። ስለ እነዚህም እናገራለሁ፤ በእነርሱ ምክንያት ብቻ ዕድላቸው ያመለጣቸው ተማሪዎች አሉና። ከዚያ አስቀድሞ መነገር ያለበት ነገር ግን አለ። ጎበዝ ተማሪዎቻችን ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ የሚቀሩት፣ የሚጽፉት ደብዳቤ ምን ዓይነት ጽሑፍ እንደ ሆነ የነገራቸው ሰው ስለሌለ ነው። የዛሬው ንግግሬ ዋና ሐሳብ ይህ ነው።

ከቃሉ እንጀምር። አማርኛችን ለዚህ ጉዳይ ሁለት ቃላት አሉት። አንዱ «አቤቱታ» ነው። ቃሉ «አቤት» ከሚለው ጥሪ ጋር የተሳሰረ ነው፤ የተበደለ ወይም የተቸገረ ሰው ከበላዩ ላለው ድምፁን የሚያሰማበት ነው። ሌላው «ማመልከቻ» ነው። «አመለከተ» ማለት ጠቆመ፣ አሳየ፣ «ይኸውላችሁ» አለ ማለት ነው፤ «ምልክት» የሚለውም ቃል የዚሁ ቤተሰብ ነው። በዕለት ተዕለት አነጋገራችን ሁለቱን አደባልቀናቸዋል። ማመልከቻ ጻፍን ስንል አብዛኛውን ጊዜ የምንጽፈው አቤቱታ ነው።

መደባለቁ ያለ ምክንያት አልመጣም። ደጅ መጥናት በሀገራችን ረጅም ዕድሜ ያለው ሥርዓት ነው። ዛሬም በፍርድ ቤቶችና በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ደጃፍ ለባለጉዳይ ወረቀት የሚጽፉ ሰዎች ተቀምጠው ይታያሉ። የሚጽፉት ጽሑፍ የታወቀ መልክ አለው። «ጉዳዩ» ብሎ ይነሣል፤ የአመልካቹን ችግር ይዘረዝራል፤ የተቀባዩን ደግነት ይማጠናል፤ በአክብሮት ሰላምታ ይዘጋል። ይህ ጽሑፍ በቦታው ተገቢ ነው፤ ስንት ሰው መብቱን ያስከበረበት ነው። አንድ የሥነ ሕይወት ተመራቂ ለውጭ ሀገር ቤተ ሙከራ ወይም ለሀገር ውስጥ የትምህርት ክፍል ሲጽፍ ግን፣ ቋንቋው እንግሊዝኛ ይሁን እንጂ፣ መልኩ ይኸው ሆኖ እናገኘዋለን። በመጀመሪያው አንቀጽ ከልጅነቱ ጀምሮ ለሥነ ሕይወት ስላለው ፍቅር ይተርካል። በሁለተኛው ስለ ቤተሰቡ ድህነት ያወሳል። በሦስተኛው ዕድሉ ቢሰጠው ሀገሩን እንደሚያገለግል ቃል ይገባል።

ሦስቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ደብዳቤውን የሚያነበው ተመራማሪ ግን ልቡ ያለው ሌላ ዘንድ ነው። «ይህ ሰው ቤተ ሙከራዬ ቢገባ ምን ይመረምራል? ለመመርመርስ ምን ያህል ተዘጋጅቷል?» እያለ ያነባል። አቤቱታ ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሰጥም። መልስ የሚሆነው በጣት ወደ አንድ ነገር የሚጠቁም ጽሑፍ ነው።

ነገሩን በራሳችን የሳይንስ ታሪክ ላስረዳ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን የተከታተሉ ወጣት ተመራማሪ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1964 የብልሃርዝያን ሥርጭት ለማጥናት አድዋ ሄዱ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ተመለከቱ። የብልሃርዝያ ተውሳክ የዕድገቱን አንድ ምዕራፍ የሚያሳልፈው በውሃ ቀንድ አውጣ ገላ ውስጥ ነውና፣ ቀንድ አውጣውን የሚገድል ነገር ተገኘ ማለት የበሽታውን ሰንሰለት የሚበጥስ ነገር ተገኘ ማለት ሊሆን ይችላል። እንዶድ ልብስ እንደሚያነጣ ሀገር ሁሉ ያውቃል። የሞተውንም ቀንድ አውጣ ብዙ ሰው አይቶት ይሆናል። ያንን እይታ ወደ ጥያቄ የለወጡት ግን እርሳቸው ናቸው። ከዚያ የተነሣው ምርምር እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት አስገኘላቸው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፓቶባዮሎጂ ተቋምም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ሁለተኛው ምሳሌ ለዚህ ለቆምንበት ስፍራ ይበልጥ ይቀርባል። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው እ.ኤ.አ. በ1985 የዶክትሬት ምርምራቸውን ያጠናቀቁት በስዊድን በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ነው። ኡፕሳላ ሊኔየስ ያስተማረበት፣ በዕፅዋት ሳይንስ ስሙ የገነነ ቤት ነው። ሰብስቤ ወደዚያ ታላቅ ቤት ይዘውት የሄዱት ጥያቄ ስለ ምን ነበር? ስለ አጣጥ ወገን ነበር። አጣጥ ማለት በየደጋው ገደላገደልና በየአጥሩ የምናየው፣ ልብሳችንን የሚይዘው እሾኻማ ቁጥቋጦ ነው። የዚህን ወገን ዝርያዎች ከሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ እስከ ዐረብ ምድር ለይተው አጠኑ። እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ፣ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን የያዘው ታላቅ ሥራ፣ ሊፈጸም የቻለው እንዲህ ያሉ ጥያቄዎችን የያዙ ወጣቶች ሠልጥነው ስለ ተመለሱ ነው።

እነዚህን ስሞች የማነሣው ለኩራት ብቻ አይደለም። ከሁለቱ ታሪክ የምንማረው የሥራ ትምህርት አለ። መሣሪያውና ሥልቱ ከውጭ ሊገኝ ይችላል፤ ጥያቄው ግን ከሰውየው ጋር አብሮ የሚሄድ ስንቅ ነው።

ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚያነሡት ቅሬታ አለ፦ «እኛ ዘመናዊ ቤተ ሙከራ የለንም፤ ጥያቄ ከየት እናምጣ?» ይላሉ። ከጉለሌ ሳንወጣ እንመልስላቸው። ከበላያችን የጉለሌ የዕፅዋት ማእከል አለ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት፣ 705 ሄክታር የሚሸፍን ስፍራ ነው። በእንጦጦ ጋራ ላይ በምኒልክ ዘመን የመጣው ባሕር ዛፍና ሀገር በቀሉ ጽድ ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ። ከሽሮ ሜዳ በላይ ባለው መንገድ ደግሞ እናቶቻችን የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ሲወርዱ በየቀኑ እናያለን። ያ ቅጠል ከመሬት በየቀኑ ሲጠረግ አፈሩ ምን ይሆናል? የጽድ ችግኝ ቅጠሉ በተጠረገበት ቦታ ይበልጥ ይበቅላል ወይስ ባልተጠረገበት? ይህን ለመጀመር ሜትር፣ ገመድ፣ ማስታወሻ ደብተርና ሁለት ወቅት ይበቃል። የሁለት ወቅት ቆጠራ የያዘች ተማሪ ማመልከቻዋን ስትጽፍ የምትጠቁመው ነገር አላት።

ወደ ታች እንውረድ። ነዋሪው ዛሬም «ፓስተር» ብሎ በሚጠራው ሰፈር የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አለ፤ ከዚያ ብዙም ሳይርቅ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ አለ። መድኃኒት የተለማመዱ ባክቴሪያዎች ጉዳይ በእነዚህ ቤቶች የዕለት ሥራ ነው። ከእንጦጦ የሚወርዱት ወንዞች ከተማውን አቋርጠው ወደ አቃቂ ይፈስሳሉ፤ በመንገዳቸውም አትክልት ይጠጣባቸዋል። ከጎመኑ ጋር ምን ወደ ገበታችን ይመጣል? ይህም ጥያቄ ነው። ለልምምድ ወይም ለመመረቂያ ጽሑፍ ወደ እንዲህ ያለ ተቋም የገባ ተማሪ ከሰርተፍኬቱ ይልቅ ጥያቄውን ይዞ ቢወጣ ይጠቀማል።

አሁን ወደ ጽሑፉ እንግባ። የሁለት አመልካቾችን ዐረፍተ ነገር ለናሙና አዘጋጅቻለሁ፤ ሁለቱም የእኔ ድርሰቶች ናቸው። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «ሥነ ምህዳር እጅግ የምወደው ዘርፍ ሲሆን፣ በታላቁ ዩኒቨርሲቲያችሁ ተምሬ የሀገሬን ደን ለመታደግ እመኛለሁ።» ሁለተኛው ደግሞ፦ «በ40 መደቦች ላይ የጽድ ችግኝ ለሁለት ክረምት ቆጠርሁ። ቅጠል በሚጠረግባቸው መደቦች ብዙ ችግኝ ይበቅላል፤ በበጋ ግን አብዛኛው ይደርቃል። መድረቁ ከአፈሩ እርጥበት ይሁን ከሥር ፈንገሶች መጥፋት መለየት አልቻልሁም፤ የእናንተ ቤተ ሙከራ የሚሠራበት ሥልት ይህን ይለያል።» ሁለተኛው አመልካች ፍቅሩን አልገለጸም፤ ፍቅሩ ግን ይታያል። ምን እንዳየ፣ የት ላይ እንደ ቆመ፣ ለምን ወደዚያ ቤት እንደሚሄድ በሦስት ዐረፍተ ነገር ጠቁሟል። ያልቻለውን መናገሩም አልጎዳውም፤ ሳይንስ የሚጀምረው ከዚያ ነውና።

በዚህ ላይ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ደብዳቤ ስለ ማስጻፍ አንድ ቃል ልጨምር። ሰዋስው ለማረም መርጃ ይሆናል። ያልቆጠራችሁትን ችግኝ ግን ሊቆጥርላችሁ አይችልም፤ የሚጽፍላችሁም የመጀመሪያውን ዓይነት ደብዳቤ አሳምሮ ነው። መራጮቹ ደግሞ ያንን ያማረ ደብዳቤ በየቀኑ ያነባሉ።

ስለ ችግራችሁስ ምን ትላለህ ትሉኝ ይሆናል። ችግር ይደበቅ አላልሁም። ቦታ አለው። በሰሜኑ ጦርነት ዩኒቨርሲቲያቸው የተዘጋባቸው፣ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ ትምህርታቸው የተስተጓጎለባቸው፣ ከአንድ ግቢ ወደ ሌላ የተዛወሩ ተማሪዎች በመካከላችን አሉ። በትራንስክሪፕት ላይ የሚታየውን ክፍተት የሚያስረዳ ነገር ሁሉ በሁለት ዐረፍተ ነገር፣ ከነቀኑ ይጻፍ፦ ከዚህ ወር እስከዚህ ወር ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ነበር፤ ከተከፈተ በኋላ ውጤቴ ይህ ነው። መራጩ የሚፈልገው ማስረጃ ይህ ነው፤ ከዚህ ሲያልፍ ጽሑፉ ወደ አቤቱታ ይመለሳል።

ለአማካሪ የሚላከው ኢሜይልም በዚሁ ሕግ ይመራል። አጭር ይሁን። ማን እንደ ሆናችሁ በአንድ ዐረፍተ ነገር፤ ከተመራማሪው ሥራዎች የትኛውን እንዳነበባችሁና ከእናንተ ጥያቄ ጋር የት እንደሚገናኝ በሁለት ወይም በሦስት፤ የምትችሉትን የቤተ ሙከራ ወይም የመስክ ሥራ በአንድ፤ መጨረሻ ላይ «በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ተማሪ ይቀበላሉ?» የሚል አንድ ጥያቄ። የትምህርትና የሥራ ታሪካችሁና ትራንስክሪፕታችሁ ይያያዝ። አንዱን ደብዳቤ ለ60 ሰው መበተን ዘር በአስፋልት ላይ እንደ መዝራት ነው። አምስት ሰው መርጣችሁ የየአንዳንዳቸውን ሁለት ጽሑፍ አንብቡ። መልስ ካልመጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ማስታወስ ነውር የለበትም።

እስካሁን የተናገርሁት ለተማሪዎች ነው። አሁን ወደ ሥራ ባልደረቦቼ እዞራለሁ፤ ከንግግሬ ሁሉ የሚከብደኝ ክፍልም ይህ ነው።

የድጋፍ ደብዳቤ የሚጠይቅ ተማሪ ቢሮአችን ሲመጣ «ጽፈህ አምጣና እፈርምልሃለሁ» የሚል መልስ በብዙ ግቢ የተለመደ ሆኗል። ምክንያቱን አውቃለሁ። የማስተማር ጫናው ከባድ ነው፤ የምንመራው ጽሑፍ ብዙ ነው፤ ደመወዙም ለትርፍ ሥራ ያሯሩጣል። ውጤቱን ግን እንመልከት። ተማሪው ስለ ራሱ ምስክር እንዲሆን ይገደዳል። ትሑት የሆነው ራሱን ያሳንሳል፤ ደፋሩ ያጋንናል። ሦስት ደብዳቤ በሦስት መምህራን ስም በአንድ ሰው እጅ ይጻፍና ሦስቱም በአንድ ቃና ይናገራሉ። ልምድ ያለው አንባቢ ይህን ሳይቸገር ይለየዋል። ያን ጊዜ የሚጎዳው ያ ተማሪ ብቻ አይሆንም፤ ከዚያ ግቢ በሚመጣው በሚቀጥለው ደብዳቤም ላይ ጥርጣሬ ያርፋል። በእውነት የተመሰከረላት የሚቀጥለው ዓመት ተማሪም በዚሁ ጥርጣሬ ትለካለች። እንግዲህ ነገሩ የጊዜ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ምስክርነት ነውና የእውነት ጉዳይ ነው።

ራሳችን የምንጽፈውም ቢሆን ብዙ ጊዜ «ታታሪ፣ ሰዓት አክባሪና ሥነ ምግባር ያለው» ብሎ ያበቃል። ይህ ከቀበሌ የሚሰጥ የመልካም ጠባይ ማስረጃ ይመስላል። የድጋፍ ደብዳቤም መጠቆም አለበት። እንዲህ ያለ ነገር ይጻፍበት፦ «ካስተማርኋቸው 55 ተማሪዎች በውጤት ሁለተኛ ነበረች። በፒሲአር ሥራዋ ላይ ምንም መታየት በማይገባው ኔጌቲቭ ኮንትሮል ውስጥ ምልክት ባየች ጊዜ ውጤቱን ትታ፣ ብክለቱ ከየትኛው ብልቃጥ እንደ መጣ በአራት ቀን ፈትሻ አገኘች፤ የመመረቂያ ቀኗም ስለዚህ ዘገየ።» ይህን የሚያነብ ሰው ስለ ታታሪነቷና ስለ ሐቀኝነቷ ሌላ ቃል አይፈልግም። ለመጻፍ የሚጠይቀውም ግማሽ ሰዓት ነው፤ ቅድመ ሁኔታው ተማሪዋ በሥራ ላይ ሳለች አይተናት መሆናችን ነው።

ስለዚህ ለሁለቱም ወገን አንድ ሥርዓት ልጠቁም። ተማሪው ከቀነ ገደቡ ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ይምጣ፤ የሠራውን ሥራ፣ ያገኘውን ውጤትና የሚያመለክትበትን ቦታ በአንድ ገጽ ዘርዝሮ ያምጣ። መምህሩ ከዚያ ገጽ ተነሥቶ፣ በራሱ ቃል፣ ራሱ ይጻፍ። መመስከር የማይችል ከሆነ «ለዚህ ሌላ ሰው ይሻልሃል» ማለት ለተማሪው ውለታ ነው። ደብዳቤውም በመምህሩ የተቋም ኢሜይል በቀጥታ ይላክ።

ቀጥሎ የት ማመልከት ይሻላል ወደሚለው እናልፋለን። ሦስት ዓይነት በር አለ፤ ሥርዓታቸውም የተለያየ ነው። በአሜሪካ በርካታ የሥነ ሕይወት የዶክትሬት ፕሮግራሞች በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ይቀበላሉ፤ የትምህርት ክፍያውን ሸፍነው የወር መተዳደሪያም ይሰጣሉ። በብዙዎቹ ተማሪው በመጀመሪያው ዓመት የተለያዩ ቤተ ሙከራዎችን አይቶ አማካሪውን ይመርጣል። ጂአርኢ የሚባለውን ፈተና የተዉት ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ ገንዘባችሁን ለፈተናው ከማውጣታችሁ በፊት የፕሮግራሙን ገጽ አንብቡ። በአውሮፓ፣ በተለይ በጀርመንና በስካንዲኔቪያ ሀገሮች፣ ለዶክትሬት አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ ዲግሪ ይጠየቃል። ቦታው በብዙ ዘንድ እንደ ሥራ ቅጥር በማስታወቂያ ይወጣል፤ ጥያቄውም አስቀድሞ የተወሰነ ነው። እዚያ የምትጠቁሙት የራሳችሁ ልምድ ከተወሰነው ጥያቄ ጋር እንዴት እንደሚገጥም ነው።

ሦስተኛው በር ሀገር ውስጥ ነው፤ ብዙዎቻችሁ እንደ መጽናኛ የምታዩት በር። እ.ኤ.አ. በ1978 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ከመቋቋሙ በፊት የነበረው ትውልድ ሁለተኛ ዲግሪ ሲፈልግ ዐይኑ ወደ ውጭ ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባ፣ በጎንደር፣ በባሕር ዳር፣ በጅማ፣ በሐረማያና በሐዋሳ መማር ይቻላል። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረውን የመውጫ ፈተና አልፎ የተመረቀ ተማሪ ሀገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ይወስዳል። ነገር ግን ፈተና ማለፍ በሩን ይከፍታል እንጂ ጥያቄ አይሰጥም። አጣጥን ወይም እንሰትን የሚያጠና ሰው ዋናው ቤተ ሙከራው ያለው እዚህ ነው። አራት ኪሎ ያለው ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዘክርም ለእንዲህ ያለ ጥናት የትም የማይገኝ ሀብት ነው። በሀገር ውስጥ ተመዝግቦ ከፊሉን ሥራ በውጭ ቤተ ሙከራ መሥራትም የተለመደ መንገድ ነው።

አሁን ስለ ትንንሾቹ እሾኾች። ስማችንን በተመለከተ፣ የውጭው ቅጽ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። በፓስፖርታችሁ ላይ እንደ ተጻፈው፣ በእንግሊዝኛ ፊደሉም ሳይቀር፣ በሁሉም ቅጽ ላይ አንድ ዓይነት ይሁን። በትራንስክሪፕቱና በፓስፖርቱ መካከል የፊደል ልዩነት ካለ ከሬጅስትራር ጋር አስቀድማችሁ ጨርሱ። የወጪ መጋራት ጉዳያችሁንና የይፋዊ ትራንስክሪፕት አላላክንም እንዲሁ። የዘመን አቆጣጠራችን በ7 ወይም በ8 ዓመት ስለሚለይ፣ በ2015 ሐምሌ የተመረቀ ሰው በቅጹ ላይ 2015 ብሎ ከሞላ ከስምንት ዓመት በፊት የተመረቀ ይመስላል።

ሰዓቱም ያሳስታል። ብዙ የአሜሪካ ፕሮግራሞች የሚዘጉት በዲሴምበር 1 ነው፤ ይህም በእኛ ኅዳር 22፣ የኅዳር ጽዮን ማግስት ግድም ነው። በኒው ዮርክ ሰዓት ከእኩለ ሌሊት አንድ ደቂቃ በፊት የሚዘጋ በር በአዲስ አበባ የሚዘጋው በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ላይ ነው። ይህን የምነግራችሁ እስከዚያች ደቂቃ እንድትቆዩ አይደለም፤ መብራትና ኢንተርኔት ቃል አይገቡምና ከሳምንት በፊት አስገቡ። የማመልከቻ ክፍያ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ለማይችል ብዙ ፕሮግራሞች ነጻ ያደርጋሉ፤ ከቀነ ገደቡ በፊት ግን መጠየቅ አለበት። የተቀባይነት ደብዳቤ ከመጣላችሁ፣ በአሜሪካ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች የገንዘብ ድጋፍ ለሰጡት ተማሪ እስከ ኤፕሪል 15፣ ማለትም እስከ ሚያዝያ 7፣ አስቦ እንዲወስን ተስማምተዋል። ስለዚህ ማንም ቢያጣድፋችሁ አትደንግጡ። ቦታ እናስገኛለን ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላም፣ ያለ ግምገማ በክፍያ የሚያትም መጽሔትም ከምትፈልጉት በር ያርቃችኋል።

አንድ ነገር ደግሞ ለሥነ ሕይወት ሰው ብቻ የሚነገር ነው። በማመልከቻችሁ የሀገራችንን ዘር፣ ተክል ወይም ተሕዋስ ለማጥናት ስትጠቁሙ ናሙናው የእናንተ የግል ንብረት አይደለም። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አጠቃቀም በአዋጅ ቁጥር 482/1998 ይገዛል፤ ፈቃድ የሚጠየቀውም ከኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። በኔዘርላንድስ በጤፍ ዱቄት ላይ የተያዘው የፈጠራ መብት እ.ኤ.አ. በ2018 በሄግ ፍርድ ቤት ዋጋ እስኪያጣ ድረስ ስንት ዓመት እንዳነጋገረ ታስታውሳላችሁ። ናሙና በሻንጣ ይዤ እመጣለሁ ብሎ የሚጽፍ አመልካች ሕጉን አለማወቁን ይመሰክራል። ፈቃድ የሚገኝበትን መንገድ በአንድ ዐረፍተ ነገር የጠቆመ አመልካች ግን እንደ ተመራማሪ ይቆጠራል።

በመጨረሻ፣ «ከሄዱ አይመለሱም» የሚለውን ሥጋት ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ሥጋቱ መሠረት አለው። በማመልከቻ ላይ «እመለሳለሁ» የሚል ቃል በመጻፍ ግን አይፈታም፤ ያ ቃል የአቤቱታው መዝጊያ ሆኖ ቆይቷል። ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ከፍኖተ ሰላም ተነሥተው፣ በዓለማያ ተምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1989 በካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በዕፅዋት በሽታ ሳይንስ ዶክትሬታቸውን አገኙ። ለ15 ዓመት በኮሎምቢያ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የሐሩር ግብርና ማእከል ሠሩ። ከዚያ በ2007 ወደ አፍሪካ ተመልሰው በናይሮቢ የምርምር ተቋም መሩ፤ ከ2013 እስከ 2023 ደግሞ የነፍሳት ሳይንስ ማእከል የሆነውን ኢሲፔን በዋና ዳይሬክተርነት መርተዋል። ጥያቄያቸው ሰብልና መኖ፣ በሽታና ገበሬ ስለ ነበር የመመለሻው መንገድ በጥያቄው ውስጥ ነበረ ብዬ አስባለሁ። ጥያቄው ከዚህ አፈር ከሆነ ሰውየው የትም ቢሠራ ሥራው ወደዚህ ይመለከታል፤ ሰውየውም ብዙ ጊዜ ይከተለዋል። ተመልሶ የሚሠራበት ቤት ማሰናዳት ደግሞ የእኛ የቀረነው ድርሻ ነው።

እንግዲህ ለተማሪዎቼ አንድ የቤት ሥራ እሰጣለሁ። ከመስከረም በፊት፣ ምንም ቅጽ ሳትከፍቱ፣ በአንድ ገጽ አማርኛ ጻፉ፦ ምን አየሁ? ያየሁት ለምን እንዲህ ሆነ? ለማወቅ ምን ይጎድለኛል? የጎደለኝ የት ይገኛል? ይህ ገጽ ከሞላ የእንግሊዝኛው ደብዳቤ ይጻፋል። ካልሞላ የዚህን ዓመት ክረምት በመስክ ወይም በቤተ ሙከራ ማሳለፍ ይሻላል፤ የዘገየ ዓመት አልጠፋም። ባልደረቦቼን ደግሞ የምለምነው ያ ገጽ ቢሮአችሁ ሲደርስ እንድታነቡትና እንድትከራከሩበት፣ ከዚያም በራሳችሁ እጅ እንድትመሰክሩለት ነው።